ያገለገለ የግል ዕቃን በማስታወቂያ መሸጥና መግዛት፦ ለሁለቱም ወገን የሚሆን መመሪያ

በማኅበረሰብ ማስታወቂያ የሚሸጥ ያገለገለ ዕቃ ከመደብር ዕቃ የሚለየው በአሮጌነቱ ብቻ አይደለም። ከመደብር የተገዛ ዕቃ ቢበላሽ ገዢው ተመልሶ የሚሄድበት በር፣ የሚያሳየው ደረሰኝ፣ ብዙ ጊዜም የሚጠይቀው ዋስትና አለው፤ ከግለሰብ የተገዛ ዕቃ ግን ገንዘቡ ከተከፈለበት ደቂቃ ጀምሮ በአብዛኛው የገዢው ጉዳይ ሆኖ ይቀራል። ሻጩ ዕቃውን ሲጠቀምበት ስለ ኖረ ስንት ጊዜ እንደ ወደቀ፣ መቼ እንደ ተጠገነና ምን ሲሆን እንደሚያስቸግር ያውቃል፤ ገዢው የሚያውቀው ደግሞ ያየውን ፎቶና ያነበበውን ጥቂት መስመር ነው። የዚህ ግብይት ችግር ሁሉ፣ ከተራ የዋጋ ክርክር እስከ ለየለት ማጭበርበር ድረስ፣ ከዚህ የዕውቀት ልዩነት ይመነጫል ብዬ አምናለሁ።

ኢኮኖሚስቱ ጆርጅ አከርሎፍ እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተመው ጥናት ያገለገሉ መኪናዎችን ገበያ ምሳሌ አድርጎ ይህንኑ አስረድቷል። ገዢ ደህናውን ከብልሹው መለየት ካልቻለ ለሁሉም መካከለኛ ዋጋ ብቻ ይሰጣል፤ በዚያ ዋጋ ደህና መኪና ያለው ሰው መሸጥ ስለማያዋጣው ከገበያው ይወጣል፤ እሱ ሲወጣ የቀሩት መኪናዎች ጥራት በአማካይ ይወርዳል፤ ይህን የሚገምት ገዢም የሚሰጠውን ዋጋ ይብሱን ይቀንሳል። አከርሎፍ በዚህ ዘርፍ ላበረከተው ሥራ እ.ኤ.አ. በ2001 ከማይክል ስፔንስና ከጆሴፍ ስቲግሊትዝ ጋር የኖቤል ሽልማት ተጋርቷል። ነገሩ ከመኪና አልፎ አንድ ስልክ ወይም አንድ ካፖርት የሚሸጥ ሰውንም ይመለከታል፤ ጥሩ ዕቃ ይዞ ጥሩነቱን ማሳየት ያልቻለ ሰው በብልሹ ዕቃ ዋጋ ለመሸጥ ይገደዳልና። ከዚህ በታች የሚመጣው ምክር ሁሉ ዓላማው ሻጭ የሚያውቀውን ገዢም እንዲያውቀው ማድረግ ነው።

ከማስታወቂያው በፊት

ዕቃውን ከማስተዋወቅዎ በፊት ያጽዱት፣ ያሉትን ተግባሮች አንድ በአንድ ይሞክሩ፣ አብሮት የሚሄደውንም ይሰብስቡ። ቻርጀር፣ ሪሞት፣ የመጣበት ካርቶን፣ የአጠቃቀም መመሪያ፣ የተረፈ ብሎን ሁሉ ዋጋ አለው። ደረሰኝ ደግሞ የዕቃውን ዕድሜና የመጣበትን መንገድ ባንድ ጊዜ ስለሚያሳይ ከማንኛውም የሙገሳ ቃል ይበልጣል። ማጽዳት ሲባል ግን ጉድለትን መሸፈን ማለት አይደለም። በተሰነጠቀ የወንበር እግር ላይ ቀለም መቀባት፣ የሻገተ ልብስ ላይ ሽቶ መርጨት፣ የላላ የኤሌክትሪክ ገመድ ለፍተሻው ያህል እንዲሠራ አድርጎ ማሰር ማታለል ነው፤ የመጨረሻው ደግሞ ቤት ሊያቃጥል ይችላል።

ስልክ፣ ታብሌትና ኮምፒዩተር ከሁሉ የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋሉ፤ ምክንያቱም በውስጣቸው የቤተሰብ ፎቶ፣ የባንክ መተግበሪያ፣ የሥራ ደብዳቤና ሌሎች ሰዎች በእምነት የላኩልን መልእክት አለ። የሥራው ቅደም ተከተልም ወሳኝ ነው። በመጀመሪያ የሚፈልጉትን ሁሉ ወደ ሌላ መሣሪያ ይገልብጡ፤ የመልእክት መተግበሪያዎችንና የመግቢያ ኮድ የሚያመነጩትን ወደ አዲሱ ስልክ አዛውረው በትክክል መሥራታቸውን ያረጋግጡ። ቀጥሎ ከአፕል ወይም ከጉግል አካውንትዎ በዚያው መሣሪያ ላይ ይውጡ። ስልኩን ወደ ፋብሪካ ሁኔታው መመለስ የሚገባው ከዚህ በኋላ ነው። አፕል እ.ኤ.አ. ከ2013፣ አንድሮይድ ደግሞ ከ2015 ጀምሮ የተሰረቀ ስልክ ለሌባው እንዳይጠቅም የሚያደርግ መቆለፊያ አላቸው፤ አካውንቱ ሳይወጣ የተሰረዘ ስልክ ይህ መቆለፊያ እንደ ተዘጋ ሊቀር ስለሚችል፣ በቅን ልቦና የገዛው ሰው ቤቱ ደርሶ ሲከፍተው የእርስዎን የይለፍ ቃል ይጠየቃል። ሲም ካርዱንና ሚሞሪ ካርዱን ማውጣትም አይረሳ።

ኮምፒዩተር ሲሆን ፋይሎችን ወደ ቅርጫቱ ጥሎ ቅርጫቱን ባዶ ማድረግ አይበቃም። ይህ ድርጊት በተለይ በአሮጌዎቹ ተሽከርካሪ ዲስኮች ላይ የሚያጠፋው ፋይሉ የተቀመጠበትን ምልክት እንጂ ይዘቱን አይደለም፤ ይዘቱን በነፃ በሚገኝ ሶፍትዌር መልሶ ማውጣት ይቻላል። ስለዚህ ኮምፒዩተሩን እንደ አዲስ ሲያስጀምሩት ዲስኩን ጭምር የሚያጸዳውን አማራጭ ይምረጡ። ኮምፒዩተሩ የማይነሣና ለመለዋወጫ ብቻ የሚሸጥ ከሆነ ዲስኩን አውጥቶ ማስቀረት ይሻላል፤ ይህንንም በማስታወቂያው ላይ መግለጽ ይገባል።

ማስታወቂያውን መጻፍ

ጋዜጦች የግለሰብ ማስታወቂያን በቃል ወይም በመስመር ቆጥረው ያስከፍሉ በነበረበት ዘመን አጭር መሆን ግድ ነበር። ዛሬ ቃል የሚቆጥር እምብዛም የለም፤ ልማዱ ግን አልለቀቀንም። «አሪፍ ላፕቶፕ፣ በጣም ጥሩ ሁኔታ ላይ ያለ፣ የፈለገ ይደውል» የሚል ማስታወቂያ ለገዢ ምንም አይነግረውም፤ ለሻጭም አንዱን ጥያቄ ለብዙ ሰው ደጋግሞ የመመለስ ሥራ ያተርፍለታል። ይልቁንስ እንዲህ ቢጻፍ ይሻላል፦

«ላፕቶፕ፣ 14 ኢንች፣ ራም 8 ጊጋባይት፣ ኤስኤስዲ 256 ጊጋባይት። ለ3 ዓመት ለጽሑፍ ሥራ አገልግሏል፤ ተከፍቶ አልተጠገነም። ስክሪኑ ጭረት የለውም። በቀኝ በኩል ያለው ማጠፊያ ላልቷል፤ ባትሪው ያለ ቻርጀር 2 ሰዓት ያህል ይቆያል። አብሮት የመጣው ቻርጀርና ደረሰኙ አሉ። የምሸጠው ሰፋ ያለ ስክሪን ያለው ስለ ገዛሁ ነው። መጥቶ ከፍቶ መሞከር ይቻላል።»

ይህ ጽሑፍ የማጠፊያውን መላላትና የባትሪውን መድከም ማንም ሳይጠይቅ ተናግሯል። ብዙ ሻጮች ገዢ ይሸሻል ብለው ይህን ይፈራሉ። የሚሸሸው ግን ቢመጣም ዕቃውን አይቶ የሚመለሰው ሰው ነው፤ የሚቀረው ጉድለቱን አውቆ የተስማማ ስለሆነ በር ላይ ቆሞ ዋጋ ለማስቀነስ ምክንያት አያገኝም። ከዚህም በላይ አንድ ጉድለት በግልጽ የተጻፈበት ማስታወቂያ የቀረውም ቃል እንዲታመን ያደርጋል፤ «ስክሪኑ ጭረት የለውም» የሚለው ዓረፍተ ነገር ክብደት ያገኘው የማጠፊያው መላላት ከጎኑ ስለ ተጻፈ ነው።

ስለ ዕቃው ሁኔታ የሚነገሩ ቃላትም ልክ ቢኖራቸው መልካም ነው። «አዲስ» ማለት ከማሸጊያው ያልወጣ፣ «እንደ አዲስ» ማለት ወጥቶ ለጥቂት ጊዜ ብቻ የተሠራበትና ምልክት የሌለው፣ «በጥሩ ሁኔታ ላይ ያለ» ማለት ያገለገለበት ምልክት ቢኖረውም ተግባሩ ሁሉ የሚሠራ ማለት ይሁን። ከዚያ በታች ያለውን በአንድ ቃል ከማጠቃለል ችግሩን በስሙ መጥራት ይሻላል። የልብስና የጫማ ቁጥር ከአምራች አምራች ስለሚለያይ ከመለያው ቁጥር ሌላ የትከሻውን፣ የደረቱንና የቁመቱን ልክ በሴንቲሜትር ይስጡ። ለአልጋ፣ ለቁም ሣጥንና ለሶፋ ርዝመቱን፣ ስፋቱንና ከፍታውን፣ ደግሞም ይፈታ እንደሆነ ይጻፉ፤ በበሩ አልገባም ተብሎ የሚመለስ ሶፋ ሁለቱንም ወገን ያደክማል።

ፎቶውን ራስዎ በቀን ብርሃን፣ በመስኮት አጠገብ ያንሡት። ከፊት፣ ከኋላ፣ ከጎንና ከሥር ያለው ይታይ፤ ጭረቱና ስንጥቁ በቅርብ ተነሥቶ መጠኑን ለማሳየት ሳንቲም ወይም ማስመሪያ ከጎኑ ይቀመጥ። የኤሌክትሪክ ዕቃ በርቶ ሳለ ቢነሣ ይመረጣል። ከአምራቹ የተወሰደ የሚያምር ፎቶ የእርስዎን ዕቃ አያሳይም፤ ልምድ ያለው ገዢም እንዲህ ያለውን ማስታወቂያ አይቶ ያልፈዋል። በአንጻሩ ፎቶው የማይገባውን እንዳያሳይ ይጠንቀቁ፦ ከበስተጀርባ ያለ የልጅ ፎቶ፣ የቤት ቁጥር፣ የመኪና ሰሌዳ፣ ጠረጴዛ ላይ የተዘረጋ ደብዳቤ። ስልክ ያነሣው ፎቶ የተነሣበትን ቦታ በፋይሉ ውስጥ መዝግቦ ሊይዝ ስለሚችል ዋናውን ፋይል ለማያውቁት ሰው ከመላክዎ በፊት የቦታ መረጃውን ያጥፉ።

ዋጋ

ሰው ዕቃውን የሚተምነው ሲገዛው ባወጣው ገንዘብና ከእሱ ጋር ባሳለፈው ጊዜ ነው፤ ገዢ ግን ሁለቱንም አይከፍልም። ገዢ የሚያነጻጽረው ተመሳሳይ ያገለገለ ዕቃ ስንት እንደሚገኝና አዲሱ ስንት እንደሚሸጥ ነው። ሌሎች ማስታወቂያዎችን ሲያዩ ሰዎች የጠየቁት ዋጋ የተሸጠበት ዋጋ አለመሆኑን ያስታውሱ፤ ለወራት ሳይነሣ የቆየ ማስታወቂያ የሚነግርዎ ዋጋው ከፍ ማለቱን ነው። ስልክና ኮምፒዩተር አዲስ ሞዴል በወጣ ቁጥር ስለሚረክሱ መሸጣቸው የማይቀር ከሆነ ማዘግየት ያስከስራል። ከጠንካራ እንጨት የተሠራ የቤት ዕቃና ጥሩ የእጅ መሣሪያ ግን ዋጋቸው ቀስ ብሎ ነው የሚወርደው። የብር ወይም የወርቅ ጌጥ ቢያንስ የማዕድኑ ክብደት ዋጋ አለው፤ ስለዚህ ሳያስመዝኑ ማስታወቂያ አያውጡ።

ለድርድር ጥቂት ቦታ መተው የተለመደ ነው፤ ሲተዉም የመጨረሻ ዋጋዎን አስቀድመው ለራስዎ ይወስኑ። ገዢም ቢሆን ዕቃውን ሳያይ «የመጨረሻው ስንት ነው?» ብሎ መጀመሩ አይጠቅመውም። አይቶና ሞክሮ፣ ያገኘውንም ጉድለት አሳይቶ የሚያቀርበው ዋጋ ክብደት ይኖረዋል። በስልክ የተስማሙበትን ዋጋ ሌላ ጉድለት ሳያገኙ በር ላይ ማፍረስ ነውር ነው፤ የሻጩን ቸገረኝ ባይነት አይቶ ዋጋ መስበርም እንዲሁ።

ለገዢ፦ ከመሄድ በፊት

ጥያቄዎን ለይተው ይጠይቁ። «ደህና ነው?» ለሚል ጥያቄ መልሱ ሁልጊዜ «አዎ ደህና ነው» ነው። ይልቅስ መቼና ከየት እንደ ተገዛ፣ ወድቆ ወይም ውሃ ገብቶበት ያውቅ እንደሆነ፣ ምን ክፍሉ እንደ ተቀየረ፣ አሁን የማይሠራ ነገር እንዳለና ለምን እንደሚሸጥ ይጠይቁ። ዕቃውን በእርግጥ ይዞት የነበረ ሰው እነዚህን ሳይቸገር ይመልሳል። ጥርጣሬ ካለብዎ አዲስ ፎቶ፣ ለምሳሌ ዕቃው የዛሬው ቀን ከተጻፈበት ወረቀት አጠገብ ሆኖ፣ እንዲነሣልዎ ይጠይቁ፤ ፎቶውን በምስል መፈለጊያ ውስጥ ማስገባትም ከሌላ ቦታ የተወሰደ መሆን አለመሆኑን ብዙ ጊዜ ያጋልጣል። ዋጋው ከሌሎቹ እጅግ ወርዶ፣ ሻጩም «ሌላ ሰው እየመጣ ነው፣ አሁኑኑ ቀብድ ላክ» ካለ ይተዉት። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች የሚባለው ለዚህ ነው።

ዕቃውን መፈተሽ

ስልክ ሲሆን በመጀመሪያ *#06# ይደውሉ፤ የእያንዳንዱ ስልክ መለያ የሆነው ባለ15 አኃዝ የአይኤምኢአይ ቁጥር ይወጣል። ይህ ቁጥር በስልኩ ቅንብር ውስጥ ከሚታየውና ካርቶኑ ካለ በላዩ ከተጻፈው ጋር መመሳሰል አለበት። በብዙ አገሮች የተሰረቀ ስልክ ቁጥር የሚመዘገብበት ዝርዝር ስላለ በዚያ ማጣራት ይቻላል። የተሰረቀ ዕቃ የገዛ ሰው ሳያውቅ ገዝቶትም እንኳ ብዙ ጊዜ ዕቃውንም ገንዘቡንም ያጣል፤ ከዚያም በላይ የሌላ ሰው እንባ ያለበትን ዕቃ በርካሽ አገኘሁ ብሎ መደሰት አይገባም። ከዚህ በኋላ ስልኩ በፊትዎ ወደ ፋብሪካ ሁኔታው ተመልሶ፣ የማንንም አካውንት ሳይጠይቅ እስከ መነሻ ገጹ መግባቱን ይመልከቱ። የራስዎን ሲም አስገብተው ይደውሉ፣ ድምፅ ይቅዱ፣ በፊትና በኋላ ካሜራው ፎቶ ያንሡ፣ ቻርጀር ይሰኩበት፣ ጣትዎን በስክሪኑ ሁሉም ማዕዘን ላይ ያሂዱ። አይፎን የባትሪውን ቀሪ አቅም በመቶኛ ያሳያል፤ ከ80 በመቶ በታች የወረደ ባትሪ መቀየሪያው ቀርቧልና የቅያሪው ወጪ ከዋጋው ላይ ሊታሰብ ይገባል። ከጀርባው ያበጠ ወይም ስክሪኑ ከጠርዙ የተነሣ ስልክ ባትሪው አብጦ ሊሆን ስለሚችል በምንም ዋጋ አይግዙ።

ላፕቶፕ ላይ ቁልፎቹን ሁሉ አንድ በአንድ ይምቱ፤ ስክሪኑን ሙሉ በሙሉ ነጭ፣ ከዚያም ጥቁር አድርገው የሞተ ነጥብ፣ ማለትም ከሌላው ጋር ቀለሙን የማይለውጥ ነጥብ፣ ይፈልጉ፤ ቻርጀሩን ነቅለው ለጥቂት ደቂቃ ይሥሩበት። ባትሪው ሲመረት የነበረውንና አሁን የቀረውን አቅም ዊንዶውስም ማክም ያሳያሉ፤ ሻጩ እንዲከፍትልዎ መጠየቅ ነውር የለበትም። የሥራ ቦታ ወይም የትምህርት ቤት ንብረት መሆኑን የሚገልጽ ጽሑፍ ሲነሣ ከታየበት ባለቤቱ የሚሸጠው ሰው ላይሆን ይችላል። ከሌላ አገር የመጣ የኤሌክትሪክ ዕቃ ሲያጋጥም ከጀርባው ያለውን የቮልት መጠን ያንብቡ፤ ለ110 ወይም ለ120 ቮልት ብቻ የተሠራ ዕቃ 220 ቮልት ላይ ቢሰካ ይቃጠላል።

ልብስ በብርሃን ፊት ተዘርግቶ ይታይ። ስፌቱ፣ ዚፑ፣ ብብቱና የአንገቱ ጠርዝ ስለ ልብሱ ዕድሜ ከሁሉ በላይ ይናገራሉ። ሱፍ በብል መበላቱ ወደ ብርሃን ከፍ ሲያደርጉት በሚታዩ ቀዳዳዎች ይታወቃል። ገዝተው ሲያበቁም ከሌላ ልብስ ጋር ሳይቀላቅሉ፣ ጨርቁ የሚችል ከሆነ በሙቅ ውሃ ይጠቡት።

ፍራሽ፣ ሶፋና የአልጋ ራስጌ ትኋን ሊያመጡ ይችላሉ። ያደገ ትኋን 5 ሚሊሜትር ያህል ነውና በዓይን ይታያል፤ ቀን ግን በስፌት፣ በእንጨት መጋጠሚያና በብሎን ቀዳዳ ውስጥ ይደበቃል። የእጅ ባትሪ ይዘው ስፌቱን ገለጥ ገለጥ እያደረጉ ይመልከቱ፤ በብዕር ጫፍ እንደ ተነካ ያለ ጥቁር ነጠብጣብና የተገፈፈ ቆዳ ካዩ ዕቃውን ይተዉት። ትኋን ሳይመገብ ለወራት መቆየት ስለሚችል «ለረጅም ጊዜ ሰው አልተኛበትም» የሚለው መልስ ዋስትና አይሆንም። የእንጨት ዕቃን ገፋ አድርገው መነቃነቁን፣ ከሥሩም የእንጨት ዱቄት መርገፉን ይመልከቱ።

ጌጥ ላይ የታተሙ ቁጥሮች ትርጉም አላቸው፦ 750 የ18 ካራት፣ 585 የ14 ካራት ወርቅ፣ 925 ደግሞ የብር ምልክት ነው። ማኅተም ሊመሰል ስለሚችል ዋጋው ከፍ ያለ ከሆነ ሁለታችሁም አብራችሁ ወደ ጌጥ ሠሪ ሄዳችሁ አስመርምሩ። ብስክሌት ላይ ደግሞ ፔዳሉ በሚዞርበት ቦታ ከሥር የተቀረጸውን ቁጥር ይፈልጉ፤ ተፍቆ ከጠፋ አይግዙ።

በማስታወቂያ መገዛት የሌለባቸው

አንዳንድ ዕቃ ዓይን አይቶ የማይለየው ጉዳት ስለሚይዝ ሻጭ ባይሸጠው፣ ገዢም ባይገዛው እመርጣለሁ። የብስክሌትና የሞተር ብስክሌት የራስ መከላከያ ቆብ በውስጡ ያለው ፎም አንድ ብርቱ ምት ሲያርፍበት ተጨፍልቆ ጉልበቱን እንዲውጥ ተደርጎ የተሠራ ነው፤ ከዚያ በኋላ ውጪው ደህና መስሎ ሊቀር ይችላል፣ ሁለተኛ ግን አያድንም። የልጆች የመኪና መቀመጫም እንዲሁ በአደጋ ውስጥ ካለፈ አያገለግልም። ከዚህም ሌላ የተመረተበት ቀን ተጽፎበታል፤ ብዙዎቹ አምራቾች የአገልግሎት ዘመኑን ከ6 እስከ 10 ዓመት ባለው ውስጥ ይገድባሉ። ታሪኩን በእርግጠኝነት ከሚያውቁት ዘመድ ወይም ወዳጅ መቀበል ይቻላል፤ ከማያውቁት ሰው ግን አይቻልም።

የሕፃን አልጋ ሲሆን በዘንጎቹ መካከል ያለው ክፍተት 6 ሴንቲሜትር ገደማ መሆኑን ይለኩ፤ ከዚያ ከሰፋ የሕፃኑ አካል ሊሾልክና ጭንቅላቱ ሊያዝ ይችላል። ጎኑ ወደ ታች የሚንሸራተት ዓይነት አልጋ ሕፃናትን በመግደሉ አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2011 እንዳይሸጥ ከልክላዋለች፤ እንዲህ ያለው አልጋ ያለው ሰው ከመሸጥ ይልቅ ቢያፈርሰው ይሻላል። የተከፈተ መዋቢያ ቅባት፣ መድኃኒትና የዓይን ሌንስ በማስታወቂያ አይሸጡም። አምራቹ ለደኅንነት ሲል ከገበያ የሰበሰበው ምርት ሊሆን ስለሚችል የማንኛውንም የልጅ ዕቃ ሞዴል ቁጥር ከአምራቹ ማስታወቂያ ጋር ማመሳከር ጥቂት ደቂቃ ብቻ ይወስዳል።

ገንዘብና አጭበርባሪዎች

ዕቃውን በአካል አይቶ፣ ሞክሮ፣ በዚያው ቦታ መክፈል ከሁሉ የተሻለ መንገድ ነው። ከዚህ የሚያስወጣ ጥያቄ ሲመጣ ምክንያቱን መመርመር ይገባል።

በሻጭ ላይ የሚፈጸሙት ማታለያዎች ጥቂትና ተመሳሳይ ናቸው። የመጀመሪያው የተጭበረበረ የክፍያ ማረጋገጫ ነው፤ ገዢው ገንዘብ እንዳስገባ የሚያሳይ የስክሪን ፎቶ ወይም ከባንክ የመጣ የሚመስል አጭር መልእክት ያሳያል። ማስረጃ የሚሆነው ራስዎ የከፈቱት ሒሳብ እንጂ ሌላ ሰው የሚያሳይዎ ስልክ አይደለም፤ ገንዘቡ በሒሳብዎ ሳይታይ ዕቃው ከእጅዎ አይውጣ። ሁለተኛው ከዋጋው በላይ የከፈለ መስሎ ትርፉን እንዲመልሱለት መጠየቅ ነው። የሚልከው ቼክ ሐሰተኛ ሲሆን ባንኩ ይህን የሚያውቀው ከቀናት በኋላ ነው፤ እርስዎ የመለሱት ገንዘብ ግን እውነተኛ ነው። ሦስተኛው «ክፍያውን ለመቀበል» ተብሎ የሚላክ ሊንክ ወይም ኪዩ አር ኮድ ነው። ገንዘብ ለመቀበል የምስጢር ቁጥር ማስገባት ፈጽሞ አያስፈልግም፤ የምስጢር ቁጥር ከጠየቀዎ እየከፈሉ ነው። አራተኛው «እውነተኛ ሰው መሆንህን ላረጋግጥ» ብሎ ወደ ስልክዎ የመጣውን ኮድ መጠየቅ ሲሆን፣ ያንን ኮድ የሰጠ ሰው የመልእክት ወይም የኢሜይል አካውንቱን አሳልፎ ሰጠ ማለት ነው።

በገዢ ላይ የሚፈጸመው በአብዛኛው አንድ ነው፦ ዕቃው ሳይታይ ቀብድ፣ የማጓጓዣ ወይም የመድን ክፍያ መጠየቅ። ሻጩ ሩቅ ቦታ እንዳለ፣ ዕቃውን ወኪሉ እንደሚያደርስ ይናገራል፤ ምንጊዜም አንድ ተጨማሪ ክፍያ ይኖራል። በስጦታ ካርድ ወይም ተከትሎ ሊመለስ በማይችል መንገድ ክፈል የሚል ሻጭ ካጋጠመ ንግግሩ እዚያው ይቁም። ርቀት ግድ የሚል ከሆነ ገንዘቡን ዕቃው እስኪደርስ በሦስተኛ ወገን የሚያስይዝ የታወቀ አገልግሎት መጠቀም ይቻላል፤ አድራሻውን ግን ሌላኛው ወገን በላከው ሊንክ ሳይሆን በራስዎ ፈልገው ያግኙ።

መገናኘት

ቀን፣ ሰው በሚበዛበትና ካሜራ ባለበት ቦታ ይገናኙ፤ የት እንደሚሄዱና ከማን ጋር እንደሚገናኙ ለሚያምኑት ሰው ይንገሩ፤ ዋጋው ከፍ ካለ ብቻዎን አይሂዱ። ገንዘቡን ዕቃውን ሞክረው እስኪጨርሱ አያውጡ። ከቤት የማይንቀሳቀስ ትልቅ ዕቃ ሲሆን ሻጩ ዕቃውን ወደ መግቢያው ክፍል አስቀርቦ፣ ሌላ ሰው ቤት ውስጥ ባለበት ሰዓት ገዢውን ይቀበል። ቀጠሮ መሰረዝ ያለ ነገር ነው፤ ሳይናገሩ መቅረት ግን የሌላውን ሰው ጊዜ መቀማት ነው፤ ቢያንስ አንድ አጭር መልእክት ይላኩ።

ወረቀትና ከሽያጩ በኋላ

ለርካሽ ልብስ ወረቀት አያስፈልግም። ለስልክ፣ ለኮምፒዩተር፣ ለብስክሌት፣ ለካሜራና ለጌጥ ግን የሁለቱ ወገኖች ሙሉ ስም፣ ቀኑ፣ የዕቃው ዓይነትና ተከታታይ ቁጥር፣ የተከፈለው ዋጋ፣ የተነገረው ጉድለትና ፊርማ ያለበት አንድ ገጽ በሁለት ቅጂ ይዘጋጅ። ይህ ወረቀት ገዢን «ከየት አመጣኸው?» ሲባል ይረዳዋል፤ ሻጭንም ስልኩ ነገ ለወንጀል ቢውል በእጁ አለመሆኑን ያሳይለታል። ዕቃው ለተወሰኑ ቀናት ተሞክሮ ሊመለስ ይችላል ተብሎ ከተስማማችሁ የቀኑ ቁጥርና የመመለሻው ሁኔታ በዚያው ይጻፍ፤ እንዳለ ተቀብዬአለሁ ተብሎ ከሆነም ያው ይጻፍ።

ገዢው በማግሥቱ ያልተነገረው ጉድለት ቢያገኝ ማስታወቂያው ሳይጠፋ ኮፒ ይያዝ፣ የተጻጻፉትንም ያስቀምጥ፤ ከዚያ ለሻጩ በጨዋ ቃል ጉድለቱን በፎቶ አስደግፎ ይግለጽ። ሻጩ ሳያውቀው የቀረ ነገር ሊሆን ስለሚችል የጥገናውን ወጪ መጋራት ብዙ ጊዜ ሁለቱንም ያስማማል። ሆን ተብሎ የተፈጸመ ማታለል ከሆነ ግን ማስታወቂያው ለወጣበት ቦታ አስተዳዳሪና ለፖሊስ ማመልከት የሚቀጥሉትን ሰዎች ያድናል፤ የጠፋው ገንዘብ ትንሽ ነው ብሎ መተው አጭበርባሪውን ነገም እንዲቀጥል ያደርገዋል።

ዕቃው እንደ ተሸጠ ማስታወቂያውን በዚያው ቀን ያንሡ። ለሳምንታት ፈላጊ ያጣ ዕቃ ሲኖር ዋጋውን ዝቅ ያድርጉ፣ ፎቶውን እንደገና ያንሡ፣ ከሌላ ተዛማጅ ዕቃ ጋር አጣምረው ያቅርቡ፤ ካልሆነም ለሚፈልገው ሰው በነፃ ይስጡ። የማይሠራ ስልክና ያረጀ የሊቲየም ባትሪ ግን ሲጨፈለቅ እሳት ስለሚያስነሣ ከቤት ቆሻሻ ጋር ሳይቀላቀል የኤሌክትሮኒክስ ውዳቂ ወደሚቀበል ቦታ ይወሰድ።